ኦስቲያ አሸዋ ላይ የወጣው ዶልፊን

እልፍነሽ ሮም ከገባች ጀምሮ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ እጇ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሐሙስ ከሰዓት ግን የእሷና የመሰሎቿ ዕረፍት ነው። ሌሎቹ ኤስኲሊኖ ሰፈር ተሰብስበው ማን ታሰረ፣ ማን ዘመተ ሲባባሉ፣ እሷ ጓደኛዋን አበራሽን ጎትታ ኦስቲያ፣ ባሕር ዳር ትወርዳለች።

አንድ ሐሙስ ታዲያ አሸዋው ላይ ሰው ተኮልኩሎ ደረሱ። መካከሉ ላይ አንድ ዶልፊን በሆዱ ተጋድሟል። ሁለት ጎረምሶች ጅራቱን ይዘው ይጎትቱታል።

እልፍነሽ አንጀቷ አልቻለም። እንጦጦ ጸበል እየተመላለሰች ያደገች ናት፤ ለታመመ ውኃ የሚፈሰው ከአናቱ ነው። ባልዲ ነጥቃ ሞላችና «በስመ አብ!» ብላ አናቱ ላይ ቸለሰችበት። ዶልፊኑ ተንፈራገጠ፤ ከአናቱ ያፈናጠረው ውኃ ፊቷን አለበሳት።

«ማማ ሚያ! ልታፍኚው ነው?» ጥላና ወንበር የሚያከራዩት ሽማግሌ፣ ሲኞር ብሩኖ፣ እየሮጡ መጡ። «ዓሣ መሰለሽ? እንደኔና እንዳንቺ አየር ነው የሚተነፍሰው፤ አፍንጫው አናቱ ላይ ነው! እናንተም ጅራቱን ልቀቁ፣ ትጎዱታላችሁ! ካፒታኔሪያ፣ የባሕር ጠባቂዎቹ ዘንድ ደውያለሁ፤ ሐኪም ይመጣል።»

«አሎራ፣ ምን ላድርግ? ይንገሩኝ።»

«ቆዳው እንዳይደርቅ አርጥቢው፣ ከፀሐይ ከልይው። አፍንጫውን ክፍት ተይለት። ጫጫታም አይወድም።»

እልፍነሽ ሊቀመጡበት ያመጡትን አንሶላ ባሕር ውስጥ ነክራ አለበሰችው፤ አናቱን ግን ገልጣ ተወች። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች፦ «ወደ ኋላ! ዝም በሉ!»

«ኧረ በማርያም!» አለች አበራሽ። «ከቀበሌ ሸሽተን መጥተን እዚህ ሊቀመንበር ሆንሽብን?»

«ወሬውን ተዪና ጥላውን ያዢ፣ ጓድ አበራሽ!»

ሐኪሟ ደርሳ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ መረመረችው። አንዳንዱ ታሞ፣ አንዳንዱ መረብ አቁስሎት፣ አንዳንዱም መንገድ ስቶ ይወጣል አለች። ይኼኛው ቁስል የለበትም፤ ትንንሽ ዓሣ ሲያሳድድ ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ቀርቶ ይሆናል። «እንሞክረው። ተመልሶ ከወጣ ግን ውስጡ ታሟል ማለት ነው፤ አይተርፍም።»

አንሶላውን ከሥሩ አሾልከው በጋራ ተሸከሙት። ዋና የማታውቀው እልፍነሽ ጫማዋን ዳር ላይ ጥላ እስከ ደረቷ ገባች። ቶሎ አልለቀቁትም፤ ራሱን ችሎ ቀጥ እስኪል ደገፉት። ከዚያ ጅራቱን አንዴ መታና ሾለከ።

«በይ እንሂድ፣ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው» አለች አበራሽ።

«ያምልጠን! ተመልሶ ቢወጣስ?»

ባቡሩ አመለጣቸው፤ ቀጣዩም። እልፍነሽ ልብሷ ላይዋ ላይ እየደረቀ ዳርቻውን ትቃኛለች። በኋላ ከሩቅ አንድ ጥቁር የጀርባ ክንፍ ውኃው ላይ ብቅ ጥልቅ አለ።

«ወዴት ነው? ወደኛ ነው?»

ሲኞር ብሩኖ ዓይናቸውን በእጃቸው ከልለው አዩ። «ወደ ጥልቁ ነው፣ ልጄ። ወደ ቤቱ!»

እልፍነሽ እልል አለች፤ ሽማግሌውም ቆባቸውን አውልቀው አውለበለቡ። ያን ጊዜ ጫማዋን ብትፈልግ አንዱን ማዕበል ወስዶታል። በአንድ እግር ጫማ እየሳቀች ባቡር ተሳፈረች።