ምን አለችሽ?

የሕፃናት ማቆያችን ሞግዚት እታባ ወሬ አያልቅባትም። ሽንት ጨርቅ ስትቀይር፣ አፍንጫ ስትጠርግ፣ ካልሲ ስታጣምር ከልጆቹ ጋር ታወራለች። «ይቺ ካልሲ የማን ናት? ጓደኛዋስ የት ሄደች?» ብላ ትጠይቅና አፏን ትዘጋለች። ልጁ እስኪመልስ ንቅንቅ የለም። እኔ ልብስ አጣቢዋ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «ኧረ እታባ፣ እዚሁ ልናድር ነው?» እላታለሁ።

«አንቺ ደግሞ! መልሱን ሳልሰማ ብሄድ ነገ ማን ያወራኛል?» ትለኛለች።

የአንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ድምፅ ግን ሰምተን አናውቅም። እናቷ እሷን ስትወልድ ሞታለች። አባቷ የታክሲ ሹፌር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሲያመጣት፣ «እታባ፣ ዛሬስ ትናገር ይሆን?» ይላል። አንጀት ይበላል ሰውየው። እታባ ወራት ሙሉ ልጅቱን እየጠየቀች ዝም ብላ ጠበቀች።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሌሎቹ ተኝተው ሳለ፣ ልጅቱ አንዲት ካልሲ ይዛ መስኮቱ ሥር ወዳለው ባዶ ወንበር ዞረች። «ይቺስ የማን ናት?» አለች፣ ጥርት ባለ ድምፅ። ከዚያ ጠበቀች። ራሷን ነቀነቀች። ሳቀች። ሌላ ጠየቀች፣ ደግሞ ጠበቀች። የያዝኩት አንሶላ ከእጄ ወደቀ።

«እታባ፣ አንሺያት ከዚያ!» አልኩ በሹክሹክታ።

«ካስቆምኳት ተመልሳ ዝም ትላለች» አለችኝ። ቀስ ብላ ተጠግታ ተንበረከከች። «የኔ እመቤት፣ ማን ናት?»

«እማዬ።»

«ምን አለችሽ?»

«ነይ እንሂድ አለችኝ።»

እግዜር ያሳያችሁ፣ በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝ። እታባ ልጅቱን ጭምቅ አድርጋ አቀፈቻት። «አልሄድም በያት። አባዬ ማታ ይመጣል በያት።»

ልጅቱ ወደ ወንበሩ ዞራ የተባለችውን ተናገረች። ጠበቀች። ፊቷ ጭፍግግ አለ።

«እያለቀሰች ነው። ምን ልበላት?»

እታባ ራሷ ቀና ብላ ባዶውን ወንበር አየችው። «እህቴ» አለች፣ «ከከፋሽ እዚሁ ቁጭ በይና ስታወራ ስሚያት።»

ልጅቱ ጥቂት ቆይታ ፈገግ አለች። «እሺ አለች» አለችን።

ማታ አባቷ ገና በሩን ሲከፍት ሮጣ እጁን ያዘችውና ወደ ባዶው ወንበር ጠቆመች።

«አባዬ፣ ና፣ እማዬን ሰላም በላት።»

ሰውየው ሦስት ዓመት የጓጓለትን ድምፅ ሰማ። ወንበሩን እያየ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።