አንድ ድርሰት፣ ሁለት ነጥብ

አጻጻፌን ይቅር በሉኝ። እኔ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነኝ፤ ማንበብና መጻፍ የጀመርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፣ ያውም በእኅቴ ቁጣ። ስለ ሰው ሕይወት መጻፍ ለኔ ቢጤው ድፍረት መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ያየሁትን ዝም ብል ያንቀኛል።

ታላቅ እኅቴ፣ እትዬ፣ እኔ በምጠብቀው ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ወደዚህ አገር ስንሰደድ ልጆች ነበርን። በቆዳችንም በስማችንም ይስቁብን ነበር። እሷ ግን እልኸኛ ናት፤ የሰው ልብስ እየተኮሰች ተምራ እዚህ ደረሰች። ዛሬ የስደተኛ ልጅ የበደለ መምህር ካለ አለቀለት፣ እትዬ አትለቀውም።

በቅርቡ አንዲት አጥኚ መጣች። የመጤና የአገሬው ልጅ በእኩል ዓይን ይታይ እንደሆነ ነው የምትለካው። አስተማሪዎቹ የሰጠቻቸውን ድርሰቶች አረሙ፤ ውጤቱን ለየብቻ ልትነግራቸው ተመለሰች። የእትዬ ተራ ሲደርስ፣

"ና አንተም ስማ፤ የነዚህን ሰዎች ጉድ ልታወጣልን ነው" ብላ እየሳቀች ጎትታ አስገባችኝ።

አጥኚዋ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። "ድርሰቱ አንድ ነው፤ በሌላ እጅ ጽሑፍ አስገልብጬው ነው። የቀየርኩት ስሙን ብቻ ነው።"

የአገሬው ስም ያለበት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ዘጠኝ ተጽፏል፤ "ጎበዝ!" የሚልም አለ። የእኛን ዓይነት ስም የያዘው ላይ ስድስት፤ ከሥሩም "ቋንቋህን አሻሽል" ይላል።

"ይሄ የኔ አይደለም" አለች እትዬ።

የእርማቱ ጽሑፍ የሷ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በዚያ እጅ ጽሑፍ ነው፣ እንዴት ይጠፋኛል?

"እትዬ፣ ቋንቋው እኮ ያው ነው" አልኩ ሳላስበው።

"ዝም በል አንተ!" አለችና ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

"ብቻዎን አይደሉም፤ ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው" አለች አጥኚዋ።

"እኔ እኮ ከነሱ ወገን አይደለሁም!"

ማንም ያድርገው፣ እሷ ታደርገዋለች?

ቤት ገብተን እራት ቀረበ፤ አልነካችውም። "የልብስ ሰፊዋ ልጅ" አለች። ያቺ ስደተኛ ልጅ በድርሰት ነጥብ ማነስ ከጎበዞቹ ክፍል የቀረች ናት፤ ድርሰቷን ያረመችው ደግሞ እትዬ። "የጣልኳት እኔ ብሆንስ?"

"ተይ እንጂ፣ ምደባው አልቋል።"

"መች አለቀ? ዳይሬክተሩ ነገ ነው የሚፈርመው።"

በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤቱን በር ልከፍት ስመጣ ቀድማኝ ቆማለች። ዳይሬክተሩን መምህራን ክፍል ውስጥ ኮቱን ሳያወልቅ ያዘችው። "አይፈርሙ። ልጆቹ እንደገና ይጻፉ፤ ስም አይኑርበት፣ የሚያርመውም ሌላ ሰው ይሁን።"

"ምን ሆነሻል? አንቺ ራስሽ ያረምሽውን?"

"አዎ፣ እኔ ስላረምኩት ነው" አለችና ሁሉንም ነገረችው፤ ሌሎቹ አስተማሪዎች እየሰሙ። እሱም ሊፈርምበት ያወጣውን እስክሪብቶ መልሶ ኪሱ ከተተ። እትዬ ወጥታ በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደች።