ሰባት ቋጠሮ

ነጠላው ከሣጥኑ ውስጥ፣ ከሁሉ ሥር ነበር። ባለፈው ሳምንት አንዲት የቢሮ ልጅ ቤቴ ድረስ መጥታ "እማማ፣ እናቶችን ወክለው በዓመታዊው የሴቶች ስብሰባ ላይ ይገኙልን፤ ንግግሩን እኛ ጽፈነዋል" ስትለኝ ብድግ ብዬ ሣጥኑን ከፈትኩ። የምለብሰውን የማማርጥ መስሏት ደስ አላት። የብል መድኃኒቱ ሽታ ቤቱን ሞላው። ነጠላው ቢጫ ሆኗል፤ ዘርፉ ላይ ግን አንዲቷ ቋጠሮ አሁንም እንደ ሽምብራ ጠጥራ ተቀምጣለች። ገና ስነካት የያኔው ንዴት እንዳለ ተመለሰብኝ።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጦርነቱም የሰሜኑ ጦርነት ነበር፤ የቅርቡ ሳይሆን በልጅነቴ የነበረው። የከተማችን የመርሳ ሴቶች ማኅበር ለአገር አቀፉ ዓመታዊ ስብሰባ እኔን የመረጠው ብልህ ሆኜ አይደለም። ስምንተኛ ክፍል ስለደረስኩ ወረቀት አነባለሁ፣ ድምፄም ይሰማል። በቃ፣ ይኸው ነው።

በዚያው ሰሞን በአቅራቢያችን ካለችው ከግራና ከተማ ገበያ ወጣቶች ታፍሰው ነበር። ወንድሜ ብርቱካን ሊሸጥ ወጥቶ ነው መኪና ላይ የጫኑት። ብርቱካኑ መንገድ ላይ ተበትኖ ቀረ፤ እናቴ ስትደርስ ሰው እየረገጠው ያልፍ ነበር። የት እንደወሰዷቸው የጠየቅነው ሁሉ "ለእናት አገር ነው" ይለናል። ቦታ ነው የጠየቅነው፤ አገሩንማ እናውቀዋለን።

ልሄድ ስል ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው ሰባት እናቶች ቤታችን ተሰበሰቡ። አንዷ የራሴ እናት ነች። መጻፍ የሚችል በመካከላቸው አልነበረም። ሰው እንዳይረሳ የነጠላውን ጫፍ እንደሚቋጥረው እነሱም ተራ በተራ ነጠላዬን እየሳቡ ዘርፉን ቋጠሩ፤ ለአንድ ልጅ አንድ ቋጠሮ። በዕድሜ ከሁሉም የሚያንሱት ሴትዮ፣ ብቸኛ ልጃቸው የተወሰደባቸው፣ እጄን ይዘው "ዓለሜ፣ ወላሂ ሌላ ነገር አንሻም። ልጆቻችን የት ናቸው በይልን። እሷን ብቻ" አሉኝ።

"እላለሁ" አልኩ። እናቴ የወንድሜን በመጨረሻ ቋጠረች። ክሩ እስኪበጠስ አጠበቀችው።

የአዲስ አበባው አዳራሽ ወለል ሰም ሰም ይሸት ነበር። መብራቱ ከመብዛቱ የተነሳ ከጣራው ላይ ቀን የወጣ ይመስላል። ሁላችንንም አንድ ዓይነት ቀሚስ አለበሱን፤ ነጠላዬን ግን አልሰጥም ብዬ ከላይ ጣል አደረግኩት። ክራቫት ያሰረ ሰውዬ መጥቶ በታይፕ የተመታ ወረቀት ሰጠኝ።

"ጥያቄ አለኝ" አልኩት።

"ጥያቄ በሻይ ሰዓት" አለኝ።

በሻይ ሰዓት ብስኩት ሰጡን። ሰውዬውን ግን የበላው ጅብ አልጮኸም። ትዝ ሲለኝ ከመሣቄ መናደዴ ይበልጣል፣ እስከ ዛሬ።

ስሜ ተጠርቶ ወጣሁ። ወረቀቱን ማንበብ ጀመርኩ፤ ስለ ስንቅ ዝግጅት፣ ስለ መሠረተ ትምህርት፣ ደህና እየሄድኩ ነበር። ከዚያ "የመርሳ እናቶች የአብራካቸውን ክፋይ በእልልታ ወደ ግንባር ሸኝተዋል" የሚል መጣ። ቆምኩ። ጣቶቼ ዘርፉ ላይ ነበሩ፤ ሰባቱንም ነካኋቸው። ያኔ መናገር ይቻል ነበር። ሦስት ቃል ነበረች፣ ልጆቻችን የት ናቸው።

"ቀጥይ እንጂ እህቴ" አሉኝ ሰብሳቢዋ፣ ፈገግ ብለው።

ቀጠልኩ። ስለ እልልታው አነበብኩ፤ ድምፄንም ከፍ አደረግኩ። ጭብጨባው ወለሉን አንቀጠቀጠው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጭብጨባው ደስ አለኝ። ያንን ወረቀት የጻፈውን ሰው አፉን ባጣመምኩት እያልኩ ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። በጭብጨባው ደስ ያላትን፣ ያኔ የነበርኩትን ልጅ ግን ምን ላድርጋት?

ስመለስ አውቶቡሱ መርሳ ሳይደርስ ውርጌሳ ላይ ሲቆም ውሸቴን አዘጋጀሁ። ጠይቄያለሁ፣ መልሱ በደብዳቤ ይመጣል እላለሁ አልኩ። መርሳ ስደርስ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ለካ ስብሰባው በራዲዮ ተላልፎ ነበር። ሰባቱም ልጃችን ትናገርልናለች ብለው ሻይ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ሰምተውኛል።

ከሰዓት በኋላ ስድስቱ ቤታችን መጡ። እንደ ወጉ ሰላም አሉኝ፣ የመንገዱን ጠየቁኝ። ከዚያ እኒያ ብቸኛ ልጃቸው የተወሰደባቸው ሴትዮ ነጠላዬን ከትከሻዬ ሳብ አድርገው የራሳቸውን ቋጠሮ ፈልገው ያዙ።

"ልጄን መኪና ላይ ሲወረውሩት እኔ እልል ብያለሁ?" አሉኝ። ድምፃቸውን አልጨመሩም። "አሏህ ያየኛል፣ ብያለሁ?"

"አላሉም" አልኩ።

"እንግዲያስ ልጄን አትሸከሚብኝ" አሉና ፈቱት። ሌሎቹም አንድ በአንድ የየራሳቸውን ፈቱ። የጣቶቻቸው ድምፅ እንኳ ይሰማ ነበር። ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ እንዴት በወደድኩ!

እናቴ ብቻ አልፈታችም። "የወንድምሽን አልነካውም፤ እስክትጠይቂልኝ ይቀመጥ" አለችኝ።

ጠየቅሁ። መንግሥት ተለወጠና ወልድያ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ደሴ ጠየቅሁ። አዲስ የመጡት ስለ ድሮዎቹ አናውቅም አሉኝ፤ የድሮዎቹ የሉም። ይኼ የቅርቡ ጦርነት መጥቶ ከመርሳ ስንሸሽ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ያወጣሁት ይህንን ነጠላ ብቻ ነው። የቢሮዋ ልጅ ይህን ሁሉ አታውቅም። ወረቀቷን መለስኩላትና "ንግግሩን ራሴ ካልተናገርኩት አልመጣም" አልኳት። "አለቆቼን ልጠይቅ" ብላ ሄደች፤ እስካሁን አልተመለሰችም።

ከዓመታት በፊት፣ እናቴ ልትሞት ስትቃረብ ዓይኗ ደክሞ ነበር። አንድ ጠዋት አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ እጇን ዘርግታ የነጠላዬን ዘርፍ ፈለገች፤ ቋጠሮዋን አገኘቻት፤ በሌላው እጇ እጄን ያዘች።

"ጠየቅሽልኝ?"

"ጠይቄያለሁ፣ እማ።"

"ምን አሉሽ?"

"በሕይወት አለ፣ ይመጣል አሉ" አልኳት፣ ድምፄን አሳምሬ።

ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች። "ተይው ልጄ" አለች፣ "ይኼ የራዲዮው ድምፅሽ ነው።"

እጄን ግን አልለቀቀችም።