ሰባተኛዋ ተጠያቂ

የመመረቂያ ጽሑፏን ልታቀርብ በር ላይ ተራ የምትጠብቀው ሴት የክፍል ጓደኞቿ እናቶች እኩያ ናት። ልጆቹ «እትዬ» ይሏታል። ሰው ሲያናግራት ግራ ጆሮዋን ታስቀድማለች፤ የስልክ ማዳመጫ ሃያ ዓመት የዋለበት ጆሮ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማረው ፈጠራና ማኅበራዊ ለውጥ ነው። ጥናቷም ደዋዮችን በገመድ ሲያገናኙ ኖረው አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ከሥራ ስለወጡ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኞች ነው። አሥራ ሁለት ሴቶችን አነጋገርኩ ብላ ጽፋለች። እንቅልፍ የነሳቻት ሰባተኛዋ ናት፤ ሰባተኛዋ ራሷ ናትና። ይህን ደብቃ ነው ጽሑፉን ያስገባችው። ከታወቀ ማጭበርበር ይባልና የሁለት ዓመት ልፋቷን ውሃ ይበላዋል።

ገብታ አቅርባ እንደጨረሰች ወጣቱ ፈታኝ አንድ ገጽ ገለጠ።

«ሌሎቹ የመጨረሻዋን የሥራ ቀን ‹ከፋን› ብለው ያልፏታል። ሰባተኛዋ ግን የትኛው ገመድ መጨረሻ እንደተነቀለ፣ ማን እያወራ እንደነበር ሳይቀር ትናገራለች። እርስዎ ነዎት አይደል?»

«ነኝ» አለች።

«ታዲያ ምን አስደበቀዎት? የጽሑፉ ነፍስ እኮ እሷ ናት! ራስዎ መሆንዎን ገልጸው ያስተካክሉት እንጂ አልፈዋል።»

ውጭ ስትጠብቃት የነበረች ተማሪ ዘላ ተነሳች። «እትዬ፣ እንዴት ሆኑ?»

«ታወቀብኝ!» አለች እየሳቀች። «ያን ሁሉ ዘመን ሰው ከሰው ሳነጋግር ኖሬ፣ የራሴን መናገር ፈርቼ! ታወቀብኝና ተገላገልኩ፣ ልጄ።»

ደረጃው ላይ ዘፍ ብላ ጫማዋን አወለቀች።