የእትዬ ሙሉ የክርስትና ስም

ያን ቀን ጠዋት በገብርኤል ቅጽር የነበርነው እነዚህ ነን፦ ቄሱ መምሬ አያሌው፣ ሁለት ዲያቆናት፣ ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት አያ ተገኘ፣ ዓይናቸው የማያይ መነኩሲት እማሆይ ጥሩወርቅ፣ እናቴ፣ ከየቤቱ የወጡ ሃያ የሚሆኑ ጎረቤቶች፣ እና እኔ። ያልነበሩት ሦስት ናቸው፤ አያ ካሳው፣ ሚስታቸው እትዬ ሙሉና ልጃቸው ዝናሽ። ሦስቱም በተስቦ ተኝተው ነበር። የተሰበሰብነውም ለእነሱ ነበር።

ስም እየጠራሁ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ሳምንት እዚህ ላሊበላ፣ የሰፈራችን ማኅበር ለልጄ ምሕላ ሊይዝለት ተስማምቶ የክርስትና ስሙን አምጪ ተባልኩ። ልጄ ኩላሊቶቹ ደክመው ከደሴ ከተመለሰ ወር አልፎታል። ሐኪሙ የመጨረሻውን ቃል የነገረው ለወንድሜ ነው፤ እኔ ግን ከወንድሜ ፊት ላይ አነበብኩት። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም ለዚያ ንባብ ይበቃኛል። «ኃይለ ሚካኤል» ብዬ በወረቀት ጻፍኩ። ስሙን እያወቅሁ የክርስትና አባቱ ቤት ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ። ወረቀቱን ለቄሱ ሰጥቼ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ «እስቲ ያንብቡልኝ» አልኳቸው። አነበቡልኝ። ከበሩ ደርሼ እንደገና ተመለስኩ።

«ምነው ልጄ፣ አላመንሽኝም?» አሉኝ ሳቅ ብለው።

ያላመንኩት እሳቸውን አልነበረም።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። መንደራችን ከላሊበላ ወደ ሙጃ በሚወስደው በኩል፣ ከመኪናው መንገድ ርቆ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ። ጉሙ ጠዋት ከገደሉ ሥር ተነሥቶ እስከ ቀትር ቤታችን ደጃፍ ላይ ይተኛል። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ የአምናው ደግሞ ከጎተራ ተጠርጎ አልቋል። ሰው በቆሎና በተቀቀለ ባቄላ ነበር ውሎ የሚያድረው። ብርዱ ስለሚጸና ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ቁርበት ላይ ተጠጋግቶ ይተኛል፤ ቅማሉም ካንዱ ወዳንዱ ይሄዳል። ተስቦ የሚወደው እንዲህ ያለውን ጊዜ ነው።

ተስቦ የገባበትን ቤት ሰው አይገባበትም፣ ግን አይተወውም። ከእነ አያ ካሳው አጥር በር አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። ሴቶቹ በየተራ አጥሚት አፍልተው በቅል ያመጡና ድንጋዩ ላይ አስቀምጠው «አስቀምጫለሁ» ብለው ተጣርተው ይመለሳሉ። ከሦስቱ ያን ቀን ትንሽ ሻል ያለው እየተንፏቀቀ ወጥቶ ይወስዳል። ባዶውን ቅል ደፍሮ የሚያነሣ የለም። በሁለተኛው ሳምንት በድንጋዩ ዙሪያ ቅል ተከምሮ ዝናብ ይጠራቀምበት ነበር። ወደ ውስጥ የሚዘልቁት ጠበል የሚረጩት መምሬ አያሌው ብቻ ነበሩ።

«ሰባት ቀን ምሕላ እንይዛለን» አሉ መምሬ ያን ቀን ጠዋት። «በስማቸው ነው የምንለምነው። የክርስትና ስማቸውን ንገሩኝ።»

መምሬ ለደብሩ አዲስ ነበሩ። የቤተሰቡ የነፍስ አባት የነበሩት ሽማግሌ ቄስ በጥር አርፈዋል። የአያ ካሳውን ስም አያ ተገኘ ነገሯቸው፤ ገብረ ጊዮርጊስ። የዝናሽን እኔ ነገርኳቸው፤ ወለተ ኪዳን። ጓደኛዬ ናት፤ ስትቆርብ ከኋላዋ ተሰልፌ ስሟን ለቄሱ ስትናገር ሰምቻለሁ። የእትዬ ሙሉን ግን የሚያውቅ ጠፋ። ከሙጃ በጋብቻ የመጡ ናቸው፤ የክርስትና ስም ደግሞ እኛ ዘንድ ለቄስ ካልሆነ በዘፈቀደ አይነገርም።

«ሩጪ» አለችኝ እናቴ። «ካጥሩ ውጭ ሆነሽ ጠይቂያቸው። እንዳትገቢ ታዲያ።»

«ብትገባስ» አሉ እማሆይ ጥሩወርቅ። «እቺ ቀጫጫ ላይ ቅማል ምን ሥጋ ያገኛል?»

ሰዉ ፈገግ አለ። እኔም እየሳቅሁ ነው የሮጥኩት።

ከአጥሩ በር ስደርስ ሳቄ አልነበረም። እያካፋ ነው። «እትዬ ሙሉ» ብዬ ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ሦስተኛ ጊዜ ስጣራ «ማነሽ?» የሚል ቀጭን ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«እኔ ነኝ። መምሬ የክርስትና ስምዎን ጠይቂ ብለውኝ ነው። ምሕላ ሊያዝልዎ ነው።»

ሲስሉ ተሰማኝ። ከዚያ «ድምፄ አይወጣልኝም ልጄ» አሉ። «ደጁ ድረስ ቀረብ በይ፤ ልንገርሽ።»

በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጡ አይታይም። የላብ፣ የእርጥብ ቁርበትና የነጭ ሽንኩርት ሽታ መጣብኝ። ከአጥሩ እስከ ደጁ አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። አንድ እግሬን አስገባሁ። ከዚያ መለስኩት። «መጣሁ» ብዬ ሮጥኩ። ወዴት እንደምመጣ ራሴም አላውቅም።

«እህስ፣ ማን አሉ?» አሉኝ መምሬ።

ሃያ ሰው ያየኛል። አፌ ላይ የነበረው አንድ ስም ብቻ ነው።

«ወለተ ማርያም።»

«ያንቺው ሞክሼ ናቸዋ» አለች እናቴ ደስ ብሏት። ወለተ ማርያም የእኔ ስም ነው። በየመንደሩ አሥር ወለተ ማርያም ስላለ ማንም አልጠረጠረም።

ከዚያ ምሕላው ተያዘ። በጾም የደከመ ሰው ጠዋትና ከሰዓት እጭቃው ላይ እየተንበረከከ፣ አርባ አንዱን እግዚኦታ በጣቱ እየቆጠረ አደረሰ። መጨረሻ ላይ መምሬ ሦስቱን ስም ይጠራሉ፤ ሰዉ ግንባሩን መሬት ያስነካል። ስሜ ሲጠራ እኔም አብሬ እሰግዳለሁ። እናቴ ቤት ገብታም «ወለተ ማርያምን ማርልኝ» ትላለች፤ እኔን ይሁን እሳቸውን፣ በልቧ የሁለታችንንም ሳይሆን አይቀርም።

በሦስተኛው ቀን አያ ካሳው ተነሥተው ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን ዝናሽ ቆሎ አማረኝ አለች ተባለ። ቅጽሩ ውስጥ ሰው ፊቱ በራ። «ሁለቱን ያስነሣ አምላክ ሦስተኛዋን አይተዋትም» ይሉ ነበር። እኔ ብቻ ከሰዉ ኋላ ተደብቄ እቆማለሁ። ልናገር አፌን ስከፍት፣ እነዚህ ሁሉ ጉልበቶች ጭቃ ላይ በከንቱ ወድቀው ነበር ልበላቸው እንዴ እላለሁ። አንድ ቀን ባደረ ቁጥር የምናገረው ነገር ይበልጥ ይከብዳል።

በአምስተኛው ቀን እማሆይ ጥሩወርቅን እየመራሁ ወደ ጎጇቸው ስወስዳቸው ጠየቅኳቸው።

«እማሆይ፣ ስሙ ቢሳሳት ጸሎቱ የት ይሄዳል?»

«በስሙ የተጠራው ሰው ጋ ይሄዳላ። ምነው፣ የማንን አሳሳትሽ?»

«የማንንም።»

«እንግዲያ እጄን እንዲህ አትጨብጪው፤ አጥንት ብቻ ነው የቀረኝ።»

በሰባተኛው ቀን፣ የመጨረሻውን እግዚኦታ ልንጀምር ስንል አያ ካሳው በከዘራ ተደግፈው ቅጽሩ በር ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ነበር።

ቀብሩ ያኑ ዕለት ከሰዓት ሆነ። የእትዬ ሙሉ ታላቅ እህት መታመማቸውን ሰምተው ከሙጃ ደርሰው ነበር። መምሬ ፍትሐቱን ሲጀምሩ «ነፍሰ ወለተ ማርያም» አሉ። እህትየው ከለቅሷቸው ቀና ብለው «ወለተ ሥላሴ ናት፣ አባቴ» አሏቸው። መምሬ አቆሙ። «ወለተ ሥላሴ» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ በሰዉ መካከል ዓይናቸው እኔን ፈልጎ አገኘኝ።

በሠልስቱ ቀን ጠሩኝ። «ደጁ ድረስ ገብተሽ ነበር?» አሉኝ። አልገባሁም አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ መሬት መሬት አዩ። «እኔ ግን በየቀኑ እገባ ነበር» አሉ። «ጠበሉን በዚያ ስም ስረጭ ዝም ሲሉ ደክሟቸው ነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም። በይ ሂጂ ልጄ።» ከዚያ ወዲያ ይህን ነገር አንሥተውብኝ አያውቁም። ለእናቴም አልነገርኳትም፤ ሳልነግራት አረፈች።

መስከረም ሲጠባ ዝናሽ ጸጉሯ ተላጭቶ፣ አንገቷ እንደ ሸንበቆ ቀጥኖ ወጣች። ገብሱ እሸት ደርሶ ነበር። እማሳው ዳር ተቀምጠን በእጃችን እያሸን ስንበላ እንዲህ አለችኝ።

«ስማችንን ለመምሬ ያደረስሽው አንቺ ነሽ አሉ። እግዜር ይስጥልኝ።»

እሸቱን ማሸቴን ቀጠልኩ።

«እናቴ መጨረሻ ላይ ትቃዥ ነበር» አለች ቀጥላ። «መምሬ ጠበል ረጭተው ሲወጡ ‹ወለተ ማርያም የምትባል ታማለች መሰለኝ› አለችኝ። ‹በየቀኑ እኔ ራስጌ ቆመው ለሷ ነው የሚለምኑት፤ ብሶባት ቢሆን ነው› አለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ‹ማርያም ትማራት፣ የማን ልጅ ትሆን› አለች። ወለተ ማርያም ማናት?»

«እንጃ» አልኳት።

በጥቅምት አክስቷ ጋሸና ወሰደቻት፤ ምግብ ቤት እንድትሠራ። ስትሄድ ሸኘኋት። መንገዱን ግማሽ ድረስ አብሬያት ሄጃለሁ፤ ያ ሁሉ መንገድ ለመናገር ይበቃ ነበር። አቅፋኝ ስታለቅስ ተላጭቶ ገና የሚያቆጠቁጠው ጸጉሯ ጉንጬን ወጋኝ።

ከዚያ ወዲህ እኔ የረባ ሕመም ታምሜ አላውቅም። ሦስት ልጅ ስወልድ አልተቸገርኩም፣ ሰፈሩ በወረርሽኝ ሲወድቅ እኔን አልፎኝ ይሄዳል። ጎረቤቶቼ «አንቺስ ታድለሽ» ይሉኛል። ስለዚህ ነው ባለፈው ሳምንት ቄሱ «ያንቺንም ስም እንጨምረው?» ሲሉኝ «የኔ ይቅር፣ አስቀድሞ ደርሶኛል» ያልኳቸው። ምን ለማለት እንደፈለግሁ አልገባቸውም።

የልጄ ምሕላ ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ስሙ ትክክል ነው፤ ሰዉም ከልቡ ይሰግዳል። ልጄ ግን እግሩ አብጧል፤ ዛሬ ጠዋት ውኃም እንቢ ብሏል። ስም ተሳስቶም፣ ስም ሳይሳሳትም እንዲህ እንደሚሆን እያየሁ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ብነግረው «እንግዲያማ ያኔም ያንቺ ጥፋት አልነበረም» ይለኝ ይሆናል። እኔ የማስበው ግን አሥራ አምስቱን እርምጃ ነው። እትዬ ሙሉ ስማቸውን ሊነግሩኝ ጠብቀውኝ ነበር። «መጣሁ» ብያቸዋለሁ።

ዝናሽ ካሳው ትባላለች፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ነው። ግራ ቅንድቧ ላይ የቆየ ጠባሳ አላት። ጋሸና ሁለት ዓመት ያህል ቆይታ ወደ ሌላ አገር እንደሄደች ነው የሰማሁት። በሕይወት መኖሯንና ያለችበትን የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።