ሴንሰሩ የሰማው ውሃ

ብዙ ዘመኔን ያሳለፍኩት ከአስፋልት በታች የሚባክን ውሃ በጆሮዬ ስፈልግ ነው። የምሠራው ውሃ መሥሪያ ቤት ነው፤ ብክነት ቁጥጥር ክፍል። የብረት ዘንግ ቧንቧው ላይ እናቆምና ጆሯችንን ለጥፈን፣ መኪናው እስኪያልፍ፣ ሰዉ ወሬውን እስኪጨርስ እንጠብቅ ነበር። በኋላ ሴንሰሮች መጡ። የእጅ ባትሪ ያክላሉ። ቧንቧው ላይ በማግኔት ይለጠፉና ድምፁን እያዳመጡ በሞባይል ኔትወርክ ወደ ቢሮ ይልካሉ። እኔም ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ። ካርታው ላይ ያለ ነጥብ ከቀላ፣ እዚያ ቦታ ቧንቧ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው።

አረፍን ብለን ነበር። የት እንደሚፈስ ማወቁ ቀለለን እንጂ መቆፈሩ፣ ፈቃድ መለመኑ፣ የሚገጥም ዕቃ ማፈላለጉ እንደ ድሮው ነው። እንዲያውም ባሰ። ድሮ በማናውቀው አናዝንም ነበር፤ አሁን ግን እያየሁት ሲፈስ ይውላል። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ስገባ ደግሞ ጎረቤቶቼ ባዶ ጀሪካን ይዘው ደረጃ ላይ ይጠብቁኛል። «ዛሬስ ይመጣል?» ይሉኛል፣ ቫልቩን በቦርሳዬ ይዤው የምዞር ይመስል።

ካዛንቺስ ውስጥ አዲስ ሴንሰር በለጠፍን ማግስት፣ ጠዋት አንድ ነጥብ ቀላ። ቤቶቹ ለልማት ከፈረሱበት ሜዳ ዳር ነው። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ቴክኒሻን ስክሪኑን አየና፣ «በቃ፣ ኤስካቫተር በጥሶት ነው። ማለቴ፣ እዚያ ሰው እንኳን የለም» አለ። ፒክአፑን አስነስተን ወጣን። ባምቢስ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ስለቆየን ስንደርስ ፀሐዩ በርትቶ ነበር።

ሰው ግን ነበር። ከፍርስራሹ ጀርባ ጥቂት ቤቶች ተራቸውን እየጠበቁ ቀርተዋል። ከአንዱ አጥር ሥር ውሃ ይፈልቃል፤ ጎማ ተሰክቶበት ወደ በርሜል ይወርዳል። ከበርሜሉ አጠገብ አንዲት አሮጊት ዱካ ላይ ተቀምጠው ጀሪካን ያሰልፋሉ።

«ደህና አደሩ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።» ሰደርያችንን አዩት። «ከውሃ ናችሁ፤ ልትዘጉት መጣችሁ።»

ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ቤቶቹ ሲፈርሱ መስመሩ ተበጥሶ የእነሱም ቧንቧ በዚያው ደረቀ። ብዙ ሳይቆይ ውሃው እዚህ አጥር ሥር ብቅ አለ። ሰዉ ሲጋፋ አይተው ዱካቸውን አምጥተው ተቀመጡ። «እንደ ክፍል ነው የማስተዳድራቸው» አሉኝ። «የረበሸ ወደ ኋላ ይሄዳል።»

መዝጋት ነበረብኝ፤ ምክንያቱንም ነገርኳቸው። የውሃው ፈረቃ ሲያልፍና ግፊቱ ሲጠፋ፣ የተቀደደ ቧንቧ ዙሪያውን ያለውን ቆሻሻ መልሶ ወደ ውስጥ ይስባል። ከአጥሩ በታች ያለውን የፍሳሽ ቦይ አሳየኋቸው። ቦዩን ትክ ብለው አዩት።

«የታችኛው ቤት ልጆች ሆዳቸውን እያመማቸው ነው» አሉ ዝግ ብለው። «እኔ ደግሞ ከምግብ ነው እያልኩ... ልጄ፣ እንግዲያው ዝጊው። ግን ከዘጋሽው ወዲያ ምን እንጠጣ?»

ወደ አለቃዬ ደወልኩ።

«የሚነሳ ሰፈር ነው» አለኝ። «አዲስ መስመር አይፈቀድም።»

«አዲስ አይደለም። ቆጣሪ አላቸው። የተበጠሰውን መቀጠል ነው።»

«ለጥቂት ወር?»

«ለጥቂት ወርም ቢሆን ይጠማሉ።»

እሱም እንደኔ ደክሞታል። «ጥገና ነው በይና ቀጥይው» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

መቆፈር ጀመርን። ሰፈርተኞቹም አካፋና ዶማ ይዘው መጡ። የድሮው የብረት ቧንቧ በዝገት ተበልቶ፣ አንድ ጋ ስንይዘው ሌላ ጋ እየተፈረፈረ ቀኑን ፈጀብን። ቴክኒሻኑ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ፣ «ይሄ እኮ ቧንቧ ሳይሆን ብስኩት ነው» እያለ ይቆርጣል። በመጨረሻ የተበላሸውን አውጥተን በፕላስቲክ ተካነው። እማማ ግቢ ያለው ቧንቧ መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ዝገት፣ ከዚያ ጠራ። ወገቤ አልቃና ብሎኝ አጥሩን ተደገፍኩ።

«በፈረቃ ነው?» አሉኝ።

«በፈረቃ ነው እማማ።»

«ይሁን» አሉና ጀሪካኖቹን ወደ ግቢያቸው ያስገቡ ጀመር።

ነጥቡ አረንጓዴ ሆነ። ከቀናት በኋላ እንግዶች ቢሯችን መጡና አለቃዬ ያንኑ ቦታ በስክሪን እያሳየ፣ «አስረጃቸው» አለኝ። ብዙ የምለው ነበረኝ። ሴንሰሩ ሰማ፣ እኛ ጠገንን፣ አልኩና ተቀመጥኩ። አጨበጨቡ።

ክረምቱ እንዳለፈ የቀሩት ቤቶችም ተራቸው ደረሰ። ሴንሰሩን ልንነቅል፣ መስመሩንም ልንዘጋ ሄድን። እማማ በር ላይ አይሱዙ ቆሞ ዕቃቸው እየተጫነ ነው፤ አልጋ፣ የመጻሕፍት ካርቶን፣ ያ በርሜል። ሲያዩኝ ፈገግ አሉ።

«የሚሄዱበት ቦታ ውሃ አለ?» አልኳቸው።

«አለ ብለውኛል። ሄጄ አየዋለሁ።» የታችኛው ቤት ልጆች ተሽሏቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ተሽሏቸዋል። ቀድመውኝ ተዛውረዋል» አሉ።

ቴክኒሻኑ መፍቻውን ይዞ ወደ ቆጣሪው ጎንበስ ሲል፣ «ቆይ፣ የግቢውን እኔ ልዝጋው» አሉት። ፊታቸውን ታጠቡ፤ እጃቸውንም። ቧንቧውን ጥብቅ አድርገው ዘጉ፤ ጠብ ማለቱን እስኪያቆም ቆመው ጠበቁ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ እጃቸውን አድርቀው፣ ክንዴን ይዘው ወደ መኪናው ወጡ።