የአባቴ እጅና የመኪናዋ መሪ

አባቴን ከመሪ ያወረድኳቸው እኔ ነኝ። ወንድሞቼ ዝም ቢሉም፣ ቁልፉን ከአባቴ እጅ የተቀበልኩት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱን ለማንም አላካፍልም።

አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ነድተዋል፤ መጀመሪያ የሰው የጭነት መኪና፣ ኋላ የራሳቸውን። ሲደክማቸው ዓለም ጤና ከተማ አጠገብ የሽንኩርት ማሳ ያዙና በሳምንት ሁለቴ ከአዳማ በሞጆ በኩል እየነዱ ደርሰው ይመለሱ ነበር። የነዳጅ ሰልፍ ሲያንገሸግሻቸው አሮጌዋን የቤንዚን መኪናቸውን ሸጠን የኤሌክትሪክ መኪና ገዛን። ወደዷት። “ድምፅ የላትም፤ ሰው ሳይሰማት እንዳልገጭ ነው የምፈራው” ይሉ ነበር።

መኪናዋ በመጣች ሳምንት እኔ ሕግ አወጣሁ፤ ከታች ውሃ እንዳይነካት። ኤሌክትሪክና ውሃ ምን አገናኛቸው ብዬ ሰፈራችን ያለው ላቫጆ ድረስ ሄድኩና “ላይዋን በጨርቅ ጥረጉ፣ ከታች ግን ጠብታ እንዳትረጩ” ብዬ አስጠነቀቅኩ። አባቴ ሳቁ። “ክረምት ሲገባስ፣ ጃንጥላ እንያዝላት?” አሉኝ። ግን አንዴ ያልኩትን አልለቅም፤ ይሄ አመሌ ነው።

ከወራት በኋላ ከማሳ ተመልሰው፣ “መሪው ይንቀጠቀጥብኛል። ሰማንያ ስገባ ይጀምረዋል” አሉ። ቁልፉን ተቀብዬ ከተማ ውስጥ አንድ ዙር ነዳኋት። በባጃጅ መሀል ከአርባ በላይ ማን ይነዳል? ምንም አልተሰማኝም። “ደህና ናት” ብዬ ገባሁ። ያን ጊዜ አባቴ የሻይ ብርጭቆ ሲያነሱ ጣታቸው ሲርገበገብ አየሁ።

ነርስ ነኝ። የሚንቀጠቀጥ እጅ ሳይ በሽታውን የማውቅ መሰለኝ። እሑድ ምሳ ላይ፣ ወንድሞቼ ተሰብስበው ሳለ፣ “አባባ፣ እስቲ እጅዎን ይዘርጉ” አልኳቸው። እንደ ተማሪ ሁለቱንም ዘረጉ። ጣቶቻቸው በትንሹ ይርገበገቡ ነበር፤ በእሳቸው ዕድሜ የማን አይርገበገብም?

“መሪው አይደለም አባባ፤ እጅዎ ነው።”

“ይሄን ሁሉ ዘመን መሪ ይዤ፣ እጄን ከመሪ መለየት ያቅተኛል?” አሉ። ዞር ብለው ወንድሞቼን አዩ። አንዳቸውም ቀና አላሉም። ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ለእሳቸው ማሰቤ ነው ብዬ ነበር።

አራት ወር እንዲህ አለፈ። መጀመሪያ በሚኒባስ ወደ ማሳቸው ይሄዱ ነበር፤ ኋላ ተዉት። ብርጭቆ በሁለት እጅ መያዝ ጀመሩ፣ ቀጥሎም እንግዳ ፊት ሻይ እምቢ አሉ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጣቶቻቸውን ሲመለከቱ አገኛቸው ነበር። እኔም በሽታው ባሰባቸው ብዬ አዘንኩ።

ሽንኩርቱ ሲደርስ ማሳውን የማየው እኔ ሆንኩ። ሞጆን አልፌ አስፋልቱ ሲከፈት፣ ሰማንያ ስገባ መሪው እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ቀነስኩ፤ ተወው። ጨመርኩ፤ መጣ። ሞተሯ ድምፅ ስለሌለው መንቀጥቀጡ ብቻውን ይሰማል። ጥግ ይዤ አቆምኩና እጆቼን አየኋቸው። ምንም አልሆኑም። እዚያው መንገድ ዳር አለቀስኩ።

ወደ ሞጆ ተመልሼ ጎሚስታ ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ፀጉራቸው የሸበተ የአርሲ ሰው ነበሩ። ክሪክ አስገብተው የፊቱን ጎማ ፈቱና ገልብጠው ጠሩኝ። ጎማው በተገጠመበት ብረት፣ በቸርኬው ውስጠኛ ወገን፣ በአንድ በኩል ብቻ፣ የማሳ ጭቃ ደርቆ ተጋግሯል።

“አንድ ጎኑ ከብዶ ነው። ፈጠን ስትይ መሪውን ይንጠዋል። ከታች አታስጠቢያትም እንዴ?”

ሕጌን ነገርኳቸው። አልሳቁም። “በዝናብ የምትሄድ መኪና ውሃ ምን ያደርጋታል ልጄ?” አሉና ጭቃውን በካቻቢቴ ፈልፍለው ጣሉት፤ አጠቡት፤ ሌላውንም ጎማ እንደዚያው አደረጉ። ባላንስ ማሽኑ ላይ አዙረው ክብደቱን የሚያመጣጥን ትንሽ የእርሳስ ብረት ለጠፉበት። ተመልሼ አስፋልቱ ላይ ስወጣ መሪው በመቶም ዝም አለ። ጥፋቱ የእኔ ሕግ እንዳይሆን፣ ትንሽ እንኳ ቢንቀጠቀጥ ምን ነበረበት ብዬ ተመኘሁ።

ቤት እንደደረስኩ በረንዳው ላይ አገኘኋቸውና ሁሉንም ተናገርኩ፤ ጭቃውን፣ ሕጌን፣ ሰማንያውን። “ይቅር ይበሉኝ አባባ” ብዬ ቁልፉን ዘረጋሁላቸው።

አልተቀበሉኝም። ያን እሑድ እንዳደረጉት ሁለት እጃቸውን ፊቴ ዘረጉና፣ “መጀመሪያ እዪልኝ” አሉ። አልተቆጡም፤ ምርር ብሏቸውም አይደለም፤ የምራቸውን ነው የጠየቁኝ። የመሪውን መንቀጥቀጥ በሰማንያ የለዩትን ሰው፣ የገዛ እጃቸውን እንዳያምኑ አድርጌያቸዋለሁ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩና ጣቶቻቸውን አጠፍኩላቸው።

በሳምንቱ ወደ ማሳው እሳቸው ነዱ፤ “ብቻዬን አልሄድም” ስላሉ እኔ ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ከሞጆ ወጥተን ወደ ቆቃ ስንቃረብ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ “እጄን እያየሽልኝ ነው?” አሉኝ።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር። ወደ እጃቸው ሳልዞር፣ “አዎ አባባ፣ ደህና ነው” አልኳቸው።